መኪናው ሲቆም የሚጀምር ሥራ

«ጠዋት አንድ ዙር፣ ከሰዓት አንድ ዙር፣ ቀሪው ቀን የራስህ፤ ምን ያለ ሥራ አገኘህ!» የሚሉኝ ዘመዶች አሉኝ። የተማሪ ሃሳዓ (ማመላለሻ) መንዳት ለእነሱ እንዲህ ነው። መንዳቱን ብቻ ካሉ አልከራከርም፤ በአሽዶድ መንገዶች አውቶቡስ ማዞር ለለመደው ምንም አይደለም።

መንጃ ፈቃዱ ለሚኒባስ ዲ 1፣ ለትልቁ አውቶቡስ ዲ ነው። ወንድ ሹፌር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ሕግ መሠረት የወሲብ ወንጀል እንደሌለበት የፖሊስ ወረቀት ያቀርባል። አንዳንዱ ይቀየማል፤ እኔ ግን ልጄን ለማላውቀው ሰው ባስረክብ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። በትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ ሃሳዓ የሚገባው እስከ አራተኛ ክፍል ላለ ልጅ ትምህርት ቤቱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሲርቅ፣ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሲርቅ ነው። አካል ጉዳተኛ ልጆች እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የራሳቸው የማመላለሻ ሕግ አላቸው፤ እነሱን ስናመላልስ ሜላቫ (አጃቢ) አብራን ትሄዳለች። እኔ የማውቃት ሜላቫ የጎንደር ሴት ናት። ሁሉንም ልጅ «የኔ ጌታ» እያለች ቀበቶውን ታስራለች፤ አንዱ ሳይታሰር ብንቀሳቀስ ጌትነቱ ለእኔ አይደርሰኝም።

ሥራው ያለው በሩ ሲከፈት ነው። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሹፌር ከመኪናው አፍንጫ ሥር የሚያልፍ ትንሽ ልጅ አይታየውም። አውቶቡሱን የሚያልፈው ባለመኪናም ልጁን አያየውም፤ እኛ ከልለነዋል። ስለዚህ የወረደ ልጅ ከፊትም ከኋላም አይሻገርም፤ አውቶቡሱ ሄዶ መንገዱ እስኪገለጥ ጠርዝ ላይ ይቆማል። ከ9 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ብቻውን አይሻገርም።

ይህን ለልጆቹ ማስተማር አይከብድም። የሚከብደው ለወላጅ ነው። አንዲት አያት በየቀኑ ነጠላቸውን አጣፍተው ከመንገዱ ማዶ ይቆማሉ። በሩ ገና ሲከፈት «ና ልጄ! ና!» ሲሉ ልጁ እንደ ጥይት ይፈተለካል። አንድ ቀን በሩን ሳልከፍት ወርጄ፣ «እማማ፣ እባክዎ አይጥሩት፤ እርስዎ አስቀድመው ይሻገሩና እዚህ ይጠብቁት» አልኳቸው።

«እግሬን አሞኝ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ዝም ብለው ይቁሙ፤ እኔ አሻግረዋለሁ።»

እሳቸውስ እግራቸውን አሟቸው ነው። መኪናውን በእኛ ማቆሚያ ላይ ገትሮ ስልኩን የሚያየው፣ እኔን መሀል መንገድ ላይ ልጅ እንዳወርድ የሚያስገድደኝ ጎልማሳ አባት ምኑን አሞት ነው?

ሮኬት ሲመጣም ሥራው በቆመ መኪና ነው። አሽዶድ ውስጥ ሲረን ከጮኸ መጠለያ ለመግባት 45 ሰከንድ አለ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የአንደኛ ክፍል ልጆችን ሁሉ ከቀበቶ መፍታት ሞክሩት።

ከሁሉ የምወደው ግን ማንም መንገደኛ የማያየውን ክፍል ነው። የመጨረሻው ልጅ ወርዶ ሞተር ሲጠፋ አንድ መሣሪያ ይጮሃል፤ ጩኸቱ የሚቆመው ሹፌሩ እስከ ኋላ ወንበር ሄዶ ቁልፍ ሲጫን ነው። የተረሳ ልጅ እንዳይኖር የተሠራ ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ እየሮጡ ሄደው፣ ቁልፉን ተጭነው፣ እየሮጡ ይመለሳሉ። ይህ ለጆሮ እረፍት ነው እንጂ ፍተሻ አይደለም። የጋን (መዋዕለ ሕፃናት) ልጅ እንቅልፍ ሲወስደው ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ከመተላለፊያው ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው የሚያየው የወንበር ጀርባ ብቻ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ የትንሽ ልጅ ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ፈጥኖ ይግላል። እኔ ስሄድ ጎንበስ ብዬ በግራ በኩል ያሉትን ወንበሮች፣ ስመለስ በቀኝ ያሉትን እዳስሳለሁ። የምሳ ዕቃ፣ ኪፓ፣ አንድ እግር ጫማ አገኛለሁ። በአንድ እግር ጫማ ብቻ የሄደውን ልጅ እናቱ ሳታየው ቀርታ ይሆን ብዬ እገረማለሁ።

እናንተ ወላጆችም ልጃችሁን ከትምህርት ቤት ራሳችሁ ከወሰዳችሁ ደውሉልን። ሳትነግሩን ስትቀሩ በር ላይ ቆመን አንድ ልጅ ጎደለ እያልን እንፈልጋለን፤ አውቶቡስ ሙሉ ልጅ በሙቀት ይጠብቃል፤ የእናንተው ልጅ ግን ቤቱ ገብቶ ምሳውን ይበላል።