«ማዕረግ ነበረዎት?»

ባለፈው ወር ሲልቨር ስፕሪንግ አባቴ ቤት ቁጭ ብለን የአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻቸውን ስንሞላ አንድ ጥያቄ ላይ ቆምን። በውርስ የሚተላለፍ የመኳንንት ማዕረግ አለዎት ወይስ ነበረዎት ይላል። «የለም» የሚለውን ልጫን ስል እጄን ያዙኝ።

«አባቴ ፊታውራሪ ነበሩ እኮ! ዋሽቼ ልማል?»

ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነው።

ማታ ወደ አሌክሳንድሪያ ስነዳ ሐሳቡ አልለቀቀኝም። እኛ የቨርጂኒያ ሐበሾች በየቀኑ የምንጠራው «ፌርፋክስ» ራሱ እኮ የሎርድ ማዕረግ ነው። ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1627 ለአንድ የዮርክሻየር ቤተሰብ ሰጡት (ሰዎቹ እንግሊዞች፣ ማዕረጉ ግን የስኮትላንድ)። ስድስተኛው ሎርድ ቶማስ ፌርፋክስ በእናቱ በኩል ከአምስት ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት ወረሰ። ዛሬ ኪራዩ ወገባችንን የሚያጎብጠን ሰሜን ቨርጂኒያ በሙሉ የእሱ ነበር። በ1748 መሬቱን ከለኩለት አንዱ የ16 ዓመቱ ጆርጅ ዋሽንግተን ነው።

ሎርዱ በ1781 ልጅ ሳይወልድ ሞተ። ማዕረጉ ግን አልሞተም፤ እንግሊዝ ወዳለው ወንድሙ፣ ከዚያም ወደ ዘመዱ ብራያን ሄደ። ብራያን እዚሁ አሌክሳንድሪያ የክራይስት ቸርች ቄስ የነበረ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት መንግሥት የመኳንንት ማዕረግ እንዳይሰጥ ከከለከለ ከዓመታት በኋላ፣ በ1800፣ የለንደኑ የጌቶች ምክር ቤት ሎርድነቱን አጸደቀለት። አስራ አንደኛው ሜሪላንድ ውስጥ ሐኪም ነበር። የእሱ ልጅ አልበርት ደግሞ እንግሊዝ ገብቶ በ1908 የእንግሊዝ ዜግነት ወሰደ፣ በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ሎርድነቱን ተቀበለለት። የአባቴ ግልባጭ በሉት።

በማግስቱ ደወልኩላቸው።

«አባዬ፣ አያቴ ሲያርፉ እርስዎን ፊታውራሪ ያለዎት ሰው አለ?»

«ማን ይለኛል? እኔ አስተማሪ ነበርኩ።»

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። በእኛ አገር ርስት ይወረሳል፣ ፊታውራሪነት ግን ሹመት ነበር፤ ልጅ በራሱ አገልግሎት ካላገኘው የለውም። የውጪውን መንገድ የሚመስለው መስፍነ ሐረር ነው፤ ልዑል መኮንን በ1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሲሞቱ ወደ ልጃቸው ወሰን ሰገድ ተላለፈ። በ1967 ደርግ ዘውዱን ሲሽር እሱም ቀረ።

ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«እሺ፣ የለም በለው» አሉ። «ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ስለ አባቴ ከጠየቁኝ፣ ፊታውራሪ ነበሩ እላለሁ።»