የማይረጋ ደም በወተት ጣሳ

በፌብሩዋሪ 1933 እ.ኤ.አ. ኤድ ካርልሰን የተባለ የዊስኮንሲን ገበሬ በበረዶ ውሽንፍር 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ማዲሰን ከተማ ገባ። የጫነው የሞተች ጊደር፣ የሻገተ ድርቆሽና አንድ የወተት ጣሳ ደም ነበር። ደሙ አልረጋም። የእንስሳት ሐኪሙ ቢሮ ተዘግቶ ቢጠብቀው የባዮኬሚስቱ የካርል ሊንክ ቤተ ሙከራ ገባ።

ስዊት ክሎቨር የሚባለው መኖ ሲሻግት ከብት አድምቶ እንደሚገድል ካናዳዊው ፍራንክ ስኮፊልድ ቀደም ብሎ ደርሶበታል። መርዙን ግን ለይቶ ያወጣው አልነበረም። ሊንክም ለገበሬው ያለው ምክር «ድርቆሹን ተው፣ ደም ስጣቸው» ከማለት አላለፈም። ካርልሰን ሲሄድ የሊንክ ረዳት ሾፌል እጁን ጣሳው ውስጥ ደጋግሞ ነከረ፤ ደሙ ያው ነው፣ ቀጭን።

መርዙን ለማውጣት ስድስት ዓመት ፈጀ። በ1939 ከሊንክ ቡድን ሃሮልድ ካምቤል 6 ሚሊ ግራም ክሪስታል አገኘ፤ ሃያ ያህል የጤፍ ፍሬ ቢመዘን ነው። የዚሁ ዘመድ የሆነው ዋርፋሪን በ1948 ገበያ የወጣው በአይጥ መርዝነት ነው። በ1951 አንድ አሜሪካዊ ምልምል ወታደር ራሱን ለማጥፋት ይህንኑ መርዝ ዋጠ፤ ቫይታሚን ኬ ተሰጥቶት ዳነ። ማርከሻ ያለው መርዝ ደግሞ ለሐኪም ይመቻል። በ1954 ለሰው ተፈቀደ፣ በማግስቱ ዓመት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ ታዘዘላቸው።

«ደም ማቅጠኛ» እንለዋለን እንጂ ደም አያቀጥንም። ጉበት በቫይታሚን ኬ የሚሠራቸውን የማርጊያ ፕሮቲኖች ያስተጓጉላል፤ የነበሩት እስኪያልቁ ቀናት ያልፋሉ። በ1916 ጄይ ማክሊን ከውሻ ጉበት ባወጣው ንጥረ ነገር የተጀመረው ሄፓሪን ግን በደቂቃዎች ይሠራል፤ ችግሩ መርፌ ነው። ስለዚህ ደም የረጋበት ታማሚ ብዙ ጊዜ ሁለቱን አብሮ ይጀምርና ኪኒኑ ሲይዝ መርፌው ይቆማል።

ዋርፋሪን ክትትል ይፈልጋል። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስለሚበዛበት ጾም ገብቶ ገበታው ሲለወጥ የደም ምርመራው ውጤትም ሊለወጥ ይችላል። ከ2008 ወዲህ የመጡት ዳቢጋትራን፣ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ይህን ጣጣ አቀለሉት። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ላለው ግን አይሆኑም።

ከቶንሲል ኢንፌክሽን ተነሥቶ የልብ ቫልቭ የሚያበላሸው የሩማቲክ ሕመምስ? ልብ ምታቸው የተዛባ ከ4,500 በላይ እንዲህ ያሉ ታማሚዎች በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ተጠኑ። ውጤቱ በ2022 ሲወጣ ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ይልቅ በነዋርፋሪን ከታከሙት የሞቱት ያነሱ ሆኑ።