ከበሮ በሌለበት የከበሮ መቺ እጅ፦ የክላውስ ሹልትዘ ቀደምት የሲንተሳይዘር ሥራዎች

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በምዕራብ በርሊን ስለ ተወለደው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሲጻፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ለመሣሪያዎቹ ነው። የትኛው ሲንተሳይዘር በማን እጅ ገባ፣ ምን አዲስ ድምፅ አስገኘ የሚለው በሰፊው ይተነተናል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄ ሌላ ነው፤ መሣሪያውን የያዘው ሰው ቀድሞ ምን ይጫወት ነበር? የክላውስ ሹልትዘ (1947–2022) ጉዳይ ሲሆን መልሱ ይታወቃል፤ ከበሮ መቺ ነበር። ነገር ግን ይህ እውነታ በሕይወት ታሪኩ መግቢያ ላይ ተጠቅሶ ይታለፋል እንጂ ሙዚቃውን ለመረዳት እምብዛም ሲያገለግል አይታይም።

ሹልትዘ እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው የታንጀሪን ድሪም የመጀመሪያ አልበም ላይ ከኤድጋር ፍሮዘና ከኮንራድ ሽኒትስለር ጋር ድራም ተጫውቷል። በተከታዩ ዓመት የወጣው የአሽ ራ ቴምፕል የመጀመሪያ አልበም ከበሮ መቺም እርሱ ነው። ከሁለቱም ቡድኖች ብዙ ሳይቆይ ወጣ። በ1972 ብቻውን ያሳተመው «ኢርሊኽት» የተሰኘው ሥራ ከበሮ የሚባል ነገር የለበትም። አንዳንዶች ይህን አልበም የሲንተሳይዘር ሥራ አድርገው ያቀርቡታል፤ ይህ ስሕተት ነው፤ በቅጂው ላይ አንድም ሲንተሳይዘር አይሰማም። ያለው የተነካካ የኤሌክትሪክ ኦርጋን፣ የተበላሸ አምፕሊፋየርና ወደ ኋላ እንዲዞር የተደረገ የኦርኬስትራ ልምምድ ቅጂ ነው። ሲንተሳይዘር በሥራው ውስጥ የገባው በ1973 በወጣው «ሳይቦርግ» ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ኢርሊኽት» ምት አልባ ከሆነ፣ የከበሮ መቺን እጅ ከየት እናመጣዋለን? ተቃውሞው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በዚህ ጸሐፊ ግምት ግን የከበሮ መቺ ሙያ ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ መምታት ነው፣ ሌላው ጊዜን መሸከም። ሹልትዘ በ1972 የመጀመሪያውን ትቶ ሁለተኛውን ያዘ። አንድን ድምፅ ለረጅም ደቂቃ ሳያቋርጥ ተሸክሞ፣ አድማጩ የጊዜን ርዝመት እንዲመዝን ያስገድደዋል። የተለመደው የዜማና የኅብረ ድምፅ አገነባብ የሙዚቃው መሠረት አይደለም። ምቱ እስኪመለስ ድረስ ግን ይህ አነበብ ግምት ከመሆን አያልፍም።

ምቱ የተመለሰው በሲክወንሰር ነው። ይህ መሣሪያ ራሱ ድምፅ አያወጣም። በዘመኑ የነበረው ዓይነት በመሠረቱ የተደረደሩ ማዞሪያዎች ስብስብ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ማዞሪያ አንድ የቮልቴጅ መጠን ይይዛል። የመሣሪያው ሰዓት በመታ ቁጥር ተራው ከአንዱ ማዞሪያ ወደ ቀጣዩ ይሸጋገራል፤ የሚላከውም ቮልቴጅ የሲንተሳይዘሩን ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ስምንት ወይም ዐሥራ ስድስት ተራዎች ሲያልቁ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ተጫዋቹ ኖታዎችን አንድ በአንድ መንካት አያስፈልገውም፤ የእጁ ሥራ እየዞረ ባለው ነገር ላይ ጣልቃ መግባት ነው። አንዱን ማዞሪያ በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል፤ ፊልተሩን ከፍቶ ድምፁን ያፈካል፣ ዘግቶ ያደበዝዛል። ከበሮ መቺ ከሚያደርገው ጋር ስናስተያየው ዝምድናው ይታያል። እርሱም አንድን ስልት ይዞ ይደጋግማል፤ አድማጩ የሚሰማው ለውጥ ግን በአብዛኛው ከስልቱ ሳይሆን ከአመታቱ ክብደትና ቅለት ይመጣል። በበትሩ ጫና ይሠራ የነበረውን ሹልትዘ በፊልተር ማዞሪያ ሠራው ማለት ይቻላል።

በ1975 የወጣው «ታይምዊንድ» ለዚህ ዋና ማስረጃ ነው። እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚፈጁ ሁለት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ርእሶቻቸው ሪቻርድ ቫግነርን የሚያስታውሱ ናቸው። በመጀመሪያው ክፍል የሲክወንሰሩ ዑደት ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል። ከቫግነር ጋር ያለው ግንኙነት ብዙ ተብሎበታል፤ በእኔ ጆሮ ግን ከርእሱ ይልቅ ይህ ሩጫ ያመዝናል።

ይሁን እንጂ ማሽኑ አንድ ነገር ይጎድለዋል። አይደክምም፣ አያዳምጥምም። በቡድን ውስጥ ከበሮ መቺው ሌሎቹን እየሰማ ፍጥነቱን በጥቂቱ ያላላል ወይም ያጠብቃል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል። ሲክወንሰር ማንንም አይከተልም። ሹልትዘ ይህን ጉድለት ሳያውቀው አልቀረም፤ በ1976 በወጣው «ሙንዶውን» ላይ ሕያው ከበሮ መቺ ጋበዘ፣ ሃራልድ ግሮስኮፕፍን። በሁለተኛው ክፍል አድማጩ ከበሮውን ለረጅም ደቂቃዎች ይጠብቃል፤ ሲገባም ሙዚቃው ቆዳው እንደ ተለወጠ ሆኖ ይሰማል። ግሮስኮፕፍ በማሽኑ ሰዓት ላይ መጫወት ስለነበረበት በፍጥነት ረገድ ነጻነት አልነበረውም፤ የቀረው ነጻነት በምቶቹ ክብደትና በምቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። ያንን ጠባብ ስፍራ በሚገባ ተጠቅሞበታል።

ግሮስኮፕፍም በበኩሉ በ1980 «ሲንተሲስት» የተሰኘ የግል አልበም አሳተመ። አራት ዓመት ቀደም ብሎ በሌላ ሰው ማሽን ሰዓት የተጫወተው ሰው አሁን ሰዓቱን ራሱ ሞላ። የሹልትዘ ሥራ በግማሽ ሰዓት ሲለካ የእርሱ አልበም ስምንት አጫጭር ክፍሎች አሉት፤ ዑደቶቹም ብዙም ሳይቆዩ ይለዋወጣሉ። ሹልትዘ የመጀመሪያ የግል ሥራውን ያለ ከበሮ ሲሠራ፣ ግሮስኮፕፍ በራሱ አልበም ላይ ድራሙን ከሲንተሳይዘሩ ጎን አቆይቶታል።