ያውቁ ኖሯል? ቁልፍ የሌለው የመንገደኛ ቤት

በስኮትላንድ ሰሜን ምዕራባዊ ጫፍ፣ ኬፕ ራዝ አጠገብ፣ ሰው በማይኖርበት የባሕር ዳርቻ ኬርቬግ የሚባል የድንጋይ ቤት አለ። በሩ አይቆለፍም፣ ኪራይ አይጠየቅበትም፤ የመሸበት እግረኛ ገብቶ ያድራል። በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ አንድ ማኅበር እንዲህ ያሉ ወደ 100 የሚጠጉ መጠለያዎችን በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ይንከባከባል። ብዙዎቹ ሽንት ቤት የላቸውም፤ ለዚያ ጉዳይ አካፋ ተቀምጧል።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቤት ለምን የለም የሚል ይኖራል። መልሱ የደግነት ማነስ አይደለም፤ የስኮትላንዶቹ መጠለያዎች በአብዛኛው እረኛና ገበሬ ጥለዋቸው የሄዱ ቤቶች ናቸው። የእኛ ደጋ ግን ሰው አልለቀቀውም። በከምባታ የሀምበሪቾ ተራራ ግርጌ እንሰት የከበበው ቤት ከቤት ተያይዟል፤ መንገደኛ ሲመሽበት የሚያንኳኳው ባዶ ቤት ሳይሆን የሰው ደጅ ነው። በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ ይኸው ልማድ መልክ ይዞ፣ የአካባቢው ነዋሪዎች ለእግር ተጓዦች ጎጆ ሠርተው፣ ጓዙን በአህያ ጭነው፣ አብልተው ያሳድራሉ። ሒሳብ ይቀበላሉና ንግድ እንጂ እንግዳ መቀበል አይደለም ቢባል፣ አዎ፣ ንግድም ነው። ነገር ግን የኬርቬግ አዳሪ ስንቁንና ማገዶውን ራሱ ተሸክሞ ይሄዳል፤ የመቄቱ የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነው። እህሉ ዋጋ ቢኖረው ምን ያስነውራል?

ሀምበሪቾን በ777ቱ ደረጃዎች የሚወጡ ከሆነ ጋቢ አይርሱ፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል።