አሥር ሌሊት በሮም፦ ሆቴሉ ያጎደለብንና እኛ ያጎደልንበት



ረመዳን በገባ ቁጥር፣ ከመግሪብ በኋላ ተምርና ሾርባ ፊት ቁጭ ስንል፣ የመርጡለ ማርያም ጀማዓችን አንድ ወሬ ሳያስወራን አያልፍም፤ የሮሙን ሆቴል። ልጆቹ የሚወዱት ውኃው የፈሰሰበትን ሌሊት ነው። አዋቂዎቹ ግን «ለመሆኑ ፈረንጅ እንዴት ተቀበላችሁ?» ይሉናል። መልሱ በአንድ ቃል አያልቅም። ደግም ክፉም አይተናል፤ ከክፉው ግማሹን ያመጣነው ራሳችን ነን።

ነገሩ የሆነው በ2016 ነው። በዚያ ዓመት የእኛ ረመዳንና የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዓቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ነበር የገቡት። ሮም የሚኖሩ ወገኖቻችን የወሩን መጨረሻ ተራዊህ አሰግዱን ብለው ጠሩን። ሦስት ሆነን ሄድን፦ እኛ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ ሐጂ፣ ቁርኣኑን በቃሉ የያዘና እንግሊዝኛ የሚሞካክር አንድ ወጣት ቃሪእ። የጋበዙን ሰዎች ቤታቸው ስለማይበቃ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙ የማይርቅ ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል ያዙልን። ስሙን አንጽፍም።

ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ሜዳ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶ የተባሉት በፈረንጅ 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። የተቀበለን ልጅ ይህን ሲነግረን ሐጂ ሻንጣቸውን መሬት አስቀምጠው «ታዲያ የእኛን መምጣት እንዴት ያዩት ይሆን?» አሉ።

መቀበያው ላይ የነበረችው ወጣት ፓስፖርታችንን ስትወስድብን ልባችን ደነገጠ። ኋላ እንደሰማነው በጣሊያን ሆቴሎች የእንግዳን ሁሉ ፓስፖርት መዝግበው ለፖሊስ ማሳወቅ በሕግ ግዴታቸው ነው። ልጅቷ የትውልድ ቦታ የሚለውን አነበበችና «ማርያም?» ብላ ቀና አለች። ቃሪኡ እንደምንም አስረዳት፤ ከተማችን የምትጠራው በጥንታዊቱ ቤተ ክርስቲያን ስም መሆኑን፣ እኛም ሙስሊሞች እዚያው ተወልደን እዚያው የምንኖር መሆናችንን፣ በቁርኣናችንም 19ኛው ሱራ መርየም እንደሚባል። (ያንን ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ ያሳነጹት እቴጌ እሌኒ ራሳቸው ከሐዲያ ሙስሊም ገዢ ቤት የተወለዱ እንደነበሩ ልንጨምርላት ፈልገን ነበር፤ የቃሪኡ እንግሊዝኛ እዚያ ድረስ አልደረሰም።) ልጅቷ ሳቀች፤ ቁልፉንም ሰጠችን።

ደጉን እናስቀድም። ክፍሉ ጠባብ ቢሆንም አንሶላው ንጹሕ ነበር። ትንሿ ፍሪጅ ውስጥ ያሉትን የመጠጥ ጠርሙሶች አንሡልን ብንላቸው ምክንያቱን ሳይጠይቁ አነሡ። ሮም ላይ ቂብላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ አቅጣጫው ቁምሳጥኑ ላይ ስላረፈ አንዱን አልጋ ገፍተን መስገጃ አገኘን። አውሮፓ ደርሰው የመጡ ሁሉ የሚያማርሩት ስለ ኢስቲንጃእ ነው፤ ሽንት ቤቱ ወረቀት እንጂ ውኃ የለውም ይላሉ። ጣሊያን ግን እንደዚያ አይደለም። ከሽንት ቤቱ መቀመጫ አጠገብ ቢዴ የሚሏት ዝቅ ያለች መታጠቢያ አለች፤ በ1975 የወጣ ደንባቸውም መኖሪያ ቤት ሁሉ እንዲኖረው ያዛል። ሐጂ ሲያዩዋት «እነዚህ ሰዎች ይህን ከማን ተማሩት?» አሉ።

አሁን ቁርሱ። የክፍሉ ሒሳብ ቁርስን ይጨምራል፤ ለሦስታችንም ለአሥሩም ቀን ተከፍሏል። ቁርሱ ግን የሚቀርበው በእነሱ አቆጣጠር 7 ሰዓት፣ በእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ሮም ላይ ፈጅር የሚገባው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። ማታውን በከረጢት አድርጋችሁ ስጡን፣ ለሰሁር እንበላዋለን አልን። «እሺ» አሉ። በመጀመሪያው ሌሊት ከረጢቱን ብንከፍተው ዳቦ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ተጋድሟል። በሁለተኛው ሌሊት ከረጢቱም የለ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው፣ ያልበላችሁት በራሳችሁ ፈቃድ ነው፣ ገንዘብ አይመለስም አለን። ሰው ይሳሳታል፤ የመጀመሪያውን ሌሊት እንዲህ ብለን አልፈነው ነበር። ሦስተኛውን ቀን ግን ዛሬም አላለፍነውም። ሊያደርግ ያልፈለገውን ነገር እሺ ብሎ እንግዳን በሌሊት የሚያስርብ ሰው አስተናጋጅ አይባልም።

ከረሃብ ያዳነን ከመርጡለ ማርያም ይዘነው የሄድነው የገብስ በሶ ነው። ፍል ውኃ ፍለጋ ወደ ታች ስንወርድ የሌሊቱን ተረኛ አገኘነው። የባንግላዴሽ ሰው ነው፤ ሮም ውስጥ የአገሩ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ሰላምታችንን ሰምቶ ከወንበሩ ተነሣ። በአገሩ ወግ ኢማምን «ሁጁር» ይላሉና እስከ መጨረሻው ቀን በዚሁ ጠራን። ውኃውን አፍልቶ ሰጠን። በሶውን ስናሽ ቆሞ አየ፤ ቀምሶ «ቻቱ!» አለ። እነሱም ዘንድ እህል ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል ለካ። ከዚያ ወዲያ በየሌሊቱ ፍል ውኃው ሳንጠይቅ ይቀርብልን ጀመር፤ አንዳንዴም ሚስቱ ያበሰለችውን ሩዝ ከፍሎ ያመጣልናል።

መንገደኛ ናችሁ፣ ለምን አላፈጠራችሁም? የሚለን አይጠፋም። ሩኽሳው አለ። ነገር ግን በሻፊዒይ መዝሀብ አራት ሙሉ ቀን ለመቀመጥ የነየተ ሰው የመንገደኛነት ሑክሙ ያበቃለታል፤ በሐነፊይ ግን ከ15 ቀን በታች ለመቀመጥ ያሰበ ገና መንገደኛ ነው። እኛ ሻፊዒይ ነን። ሐጂ ሐነፊይ ናቸው፤ ማፍጠር ይችሉ ነበር። «ሰው ተራዊህ ሊሰግድ መጥቶ ቀን ይበላል እንዴ?» ብለው ጾሙ። እርሳቸውን ማን ይከራከራል!

በአንድ ነገር ግን ራሳችን በደልን። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ሌላ ሒሳብ አመጣችልን፦ በሰው በሌሊት 6 ዩሮ፣ ለሦስት ሰው ለአሥር ሌሊት 180 ዩሮ። ክፍሉ ተከፍሎ አልቋል፣ ይህ ምንድን ነው? የቁርሱ ንዴት ገና አልበረደልንም ነበርና ሰው በተሰበሰበበት ድምፃችንን ከፍ አደረግን። ያ ሰሞን መጋቢት 22 ለሚውለው የካቶሊኮች ፋሲካ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ሆቴሉን ሞልተውት ነበር። «አታላዮች» የሚል ቃል ከአፋችን ወጣ፤ ቃሪኡም እንደወረደ ተረጎመው። ልጅቷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳየችን፤ አላመንናትም። ማታ የጋበዙን ወገኖች መጥተው አነበቡት። የሮም ማዘጋጃ ቤት ከእንግዳ የሚሰበስበው ግብር ነው፤ ክፍሉ ቀድሞ ቢከፈልም ለብቻው ይጠየቃል። ወደ አውሮፓ የምትሄዱ ቤተሰቦች ይህንን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሌሎች ብዙ ከተሞችም ያስከፍላሉ። እኛ በማግሥቱ ገንዘቡን ይዘን «አፉ በይን» ልንላት ወረድን። ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ «ሁሉም ይቆጣል» አለች። ይህ አነጋገሯ ከስድብ በላይ ከበደን። ከሁሉም እንዳንዱ ሆነን ለመታየት አልነበረም ጥምጥም ጠምጥመን የሄድነው።

21ኛው ሌሊት ሌላ ጉድ ይዞ መጣ። አውሮፓውያን በመጋቢት መጨረሻ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፤ በዚያ ዓመት ይህ የሆነው ልክ የመጨረሻው አሥር በሚገባበት ሌሊት ነው። ስልኮች በራሳቸው ይቀየራሉ፤ የሐጂ የእጅ ሰዓት ግን አይቀየርም። ከመስጂድ የተሰጠን የጊዜ ሰሌዳ ደግሞ በአዲሱ ሰዓት የተጻፈ ነው። ሰሌዳውን እያየን በሐጂ ሰዓት ብንሄድ ኖሮ ፈጅር ከገባ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ስንበላ እንገኝ ነበር። ሌሊት መስሎት የበላ ሰው በአብዛኞቹ ፉቀሃእ ዘንድ ቀዳ አለበት። በሩን አንኳኩቶ የቀሰቀሰን ያው ባንግላዴሻዊ ነው። «ሁጁር፣ ሌሊቱ አጥሯል» አለን።

ስለ ሮም ታላቁ መስጂድ ብዙ አንልም፤ በ1995 የተመረቀ ነው፣ ምሰሶዎቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ጣሪያው ላይ ይጠላለፋሉ፣ ሄዶ ማየት ነው። እዚያ አንድ ግብፃዊ በዓረብኛ አናገርነውና ፈገግ አለ። የእኛ ዓረብኛ ከነሕው ኪታብ የወጣ፣ ኢዕራቡ ያልተጓደለ ነው፤ በእርሱ ጆሮ አንድ የጥንት ሰው ከመቃብር ተነሥቶ ዳቦ የት ይሸጣል ያለ ሳይመስለው አልቀረም።

አሁን ልጆቹ የሚወዱት ክፍል። ውኃውን ያፈሰስነው እኛ ነን፤ ሐጂም ቃሪኡም የሉበትም። በ25ኛው ሌሊት ከሰሁር በፊት ካልሲያችንን ቢዴዋ ውስጥ ዘፈዘፍን፤ ቧንቧውን ከፍተን ውዱእ አደረግንና ሳንዘጋው ለሶላት ቆምን። ካልሲው መውረጃውን ደፍኖታል። የባኞ ቤቱ ወለል እንደ እኛ አገር መስጂድ ውኃ መውረጃ የለውም። ስናሰላምት ውኃው በበሩ ሥር አልፎ የኮሪደሩን ምንጣፍ አርሶ ወደ ደረጃው እየወረደ ነው። ተረኛው ጨርቅና ባልዲ ይዞ ሮጦ መጣ። ልናግዘው ስንል «ሁጁር፣ ሌሊቱ የዱዓ ነው፣ ግቡ» አለን። እኛም ገባን። ገባን! በሶአችንንም በላን፣ ዱዓችንንም አደረግን።

ለፈጅር ስንወጣ ጠረጴዛው ላይ የሩዙ ሳህን እንደተከደነ አየነው። ሰሁሩን ሳይበላ ጎህ ቀዶበታል። ከዚያ ቀጥሎ ሙሉ ቀን ጾሞ ማታ ተመልሶ ሥራ ይገባል። በዚያ ቀን መግሪብ እስኪደርስ ምግብ ሳይሆን ያ ሳህን ነበር በዓይናችን የሚዞረው።

በመጨረሻው ቀን፣ መጋቢት 29፣ ሒሳብ ልንዘጋ ስንወርድ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለቃሪኡ ነገረችው። ኃላፊው የምንጣፉን ማሳጠቢያ 60 ዩሮ ከተረኛው ደመወዝ ሊቆርጥ ነው፤ ተረኛውም ማን እንዳፈሰሰው አልተናገረም። ቃሪኡ ወደ እኛ ዞረ። «ሸኽ፣ እነሱ የአሥር ቀን ቁርስ በልተውብናል፤ በዚያ ይቻቻል» አለ። ሐጂም «እውነቱን ነው፣ ሒሳቡን ቢያስቡት እንዲያውም እነሱ ናቸው ባለዕዳ» አሉ።

ነገሩ ለጆሮ ይጥማል። እኛም ለአፍታ ጣመን፤ ከኪሳችን የቀረው ትንሽ ነበርና። ነገር ግን የቁርሱ ክስ ከኃላፊው ጋር ነው። 60 ዩሮው የሚቆረጠው ከተረኛው ነው። ከአንዱ ያለንን ሐቅ በሌላው ጫንቃ ላይ ማቻቻል በየትኛው ኪታብ አለ? የሰው ንብረት ያበላሸ ሰው ሳያስበው ቢሆንም መተካት አለበት፤ ይህንን ለደረሶቻችን ስናስተምር ሃያ ዓመት አልፎናል። ገንዘቡን ቆጥረን ለልጅቷ ሰጠናት። ውኃውን ያፈሰሰው ማን እንደሆነ በወረቀት ጽፋ እንድታስፈርመን ጠየቅናት፤ ጻፈች፣ ፈረምን። የቁርሱን ነገር ለኃላፊው አንድ ጊዜ ደግመን ነገርነው፤ አልመለሰልንም፤ ትተነው ወጣን።

የቀረው ሰሁሩ ነው። እርሱ በዩሮ አይቆጠርም፤ ባለቤቱ ራሱ አፉ ሊለን ይገባ ነበር። ተረኛው ግን ጠዋት ሥራውን ጨርሶ ሄዷል፤ ቤቱን የሚያውቅ የለም፤ የእኛም አውሮፕላን አይጠብቅም። ሐጂ ሻንጣቸውን መቀበያው ፊት ዘርግተው የተረፈውን በሶ አወጡ፤ ሁለት ኪሎ ይሆናል። በፌስታል ቋጥረን ለሌሊቱ ሰው ስጪልን አልናት። ልጅቷ አሸተተችው፣ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ ቃሪኡ በእንግሊዝኛ ቃል አጣለት። «አፉ በሉን ብለዋል በይው፤ ነገሩን እርሱ ያውቀዋል» አልን። ብዕር አንሥታ ፌስታሉ ላይ ምን ብላ እንደምትጽፍ ጠየቀችን።

«ቻቱ» አልናት።