ዝምተኛውን ሌባ ማን አናገረው?

ወደ ጋምቤላ ወርደን በነበረ ጊዜ፣ በኢታንግ በኩል ወደምትገኘው ወደ ትየርኪዲ ለመዝለቅ ዕድል አጋጥሞን ነበር። ትየርኪዲ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ኑዌሮች፣ የሰፈሩባት ቦታ ናት። ስለ ቦታዋ ሌላም ብዙ የሚባል ነገር አለ፤ ለዛሬው ጽሑፋችን ምክንያት የሆነን ግን በአንድ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያየነው ነው።

ቤቱ ፊልም ማሳያ ነው። ባለቤቱ ከፀሐይ በሚሞላ ባትሪ አንዲት ቴሌቪዥን ያበራል፤ ልጆች ጥቂት ሳንቲም ከፍለው በአግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። በዚያን ቀን የሚታየው የካርቱን ፊልም ነበር። የድምፅ ማጉያው ሽቦ ተበጥሶ ኖሮ፣ እኛ ስንገባ ሥዕሉ ያለ ድምፅ ይሄዳል። አንድ ቀጭን ረጅም ሌባ፣ ዝንብ በራሱ ዙሪያ እየዞረበት፣ በከተማው ከፍተኛ ግንብ ጫፍ ላይ የተሰቀሉትን ሦስት የወርቅ ኳሶች ለማውረድ ይታገላል። ይወጣል፤ ይወድቃል፤ ልብሱን አራግፎ እንደገና ይወጣል። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኛም ሳቅን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባለቤቱ ሽቦውን ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ሌባው ለካ ይናገር ኖሯል! በእንግሊዝኛ ያለ ማቋረጥ ይለፈልፋል። ከልጆቹ አንዱ ዘወር ብሎ አጠገቡ ያለውን ጐረምሳ ምን እንደሚል ጠየቀው። ጐረምሳው ተማሪ ሳይሆን አይቀርም፣ ወደ ኑዌርኛ ሊመልስ ሞከረ፤ ግን ሌባው ፋታ አይሰጥምና ወዲያው ተወው። ሳቁም ቀዘቀዘ።

ፊልሙ «ሌባውና ጫማ ሰፊው» ይባላል። የጀመሩት ሰው ሌባው አንዲት ቃል እንኳ እንዲናገር አስበው አያውቁም። ጫማ ሰፊውም ቢሆን አንደበቱን የሚከፍተው በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። እነዚህ ሁለት ዝምተኞች እንዴት ተናጋሪ እንደ ሆኑ ለአንባቢያን ማጫወት እንወዳለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ በእኛ አቆጣጠር ነው ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።

ሚስተር ሪቻርድ ዊሊያምስ በ1933 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ተወለዱ። በኋላም ወደ ለንደን መጥተው የሥዕል ፊልም ሥራን ያዙ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የሙላ ነስረዲንን ቀልዶች ለሚያወጣ መጽሐፍ ሥዕል ይሠሩ ነበር። ሙላ ነስረዲን በምሥራቁ ዓለም እንደ እኛ አለቃ ገብረ ሃና ያለ፣ ብልሃቱና ሞኝነቱ የማይለይ ሰው ነው። ሚስተር ዊሊያምስም ይህንን ሰው በፊልም ላይ ሊያስኬዱት ተነሡ። ዳሩ ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከታሪኮቹ ባለቤቶች ጋር ስላልተስማሙ ነስረዲንን መተው ግድ ሆነባቸው። በእጃቸው የቀረው አንድ ሌባ ነበር። በእርሱ ላይ አፉ ውስጥ የጫማ ሚስማር ይዞ የሚሠራ ታክ የሚባል ጫማ ሰፊ፣ እንቅልፋም ንጉሥ፣ ልዕልትና ዚግዛግ የሚባል ተንኰለኛ ሚኒስትር ጨምረው ታሪኩን እንደገና ፈተሉት።

ይህን ሥራ ከሌላው የለየው ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ያስፈልጋል። ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕሎችን ያሳያል። የሥዕል ፊልም ሠሪዎች ድካሙን ለማቃለል አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ እያነሡ በሴኮንድ በ12 ሥዕል ይጨርሳሉ፤ ዓይንም ብዙ አይቃወምም። ሚስተር ዊሊያምስ ግን በአብዛኛው ሃያ አራቱንም ልሣል አሉ። ዘጠና ደቂቃ በዚህ ስሌት 129,600 ሥዕል ይሆናል፤ ያውም አንድ ሰው ብቻ የሚታይ እንደ ሆነ ነው። ሁለት ሰዎች ሲሯሯጡ፣ ከኋላቸውም ቤተ መንግሥቱ ራሱ ሲዞር፣ ቍጥሩ ወዴት እንደሚደርስ አንባቢ ያስበው። በፊልሙ ውስጥ ጫማ ሰፊው ሌባውን የሚያሳድድበት፣ ወለሉም ደረጃውም እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ የሆነበት ክፍል አለ። የትኛው ወለል፣ የትኛው ግድግዳ እንደ ሆነ ዓይን ይጠፋበታል። ዛሬ ኮምፒዩተር የሚያወጣው ይመስላል፤ ግን በእርሳስ፣ በማስመሪያና በትዕግሥት የተሠራ ነው። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ዳዊት የሚጽፉትን የእኛን ጸሐፍት ያየ ሰው ነገሩን በቶሎ ይረዳዋል።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ለንደን በሶሆ አደባባይ የነበረው የሚስተር ዊሊያምስ መሥሪያ ቤት የሳሙናውንም የመጠጡንም ማስታወቂያ እየሠራ ያገኘውን ለዚህ ፊልም ያውል ነበር። ከአሜሪካም አንጋፋ ሠዓልያን አስመጡ። ኬን ሐሪስ፣ አርት ባቢትና ግሪም ናትዊክ በወጣትነታቸው በሆሊዉድ ስም ያተረፉ ሰዎች ነበሩ። እነርሱ ከሚስተር ዊሊያምስ ሠራተኞች ጋር ተቀምጠው ይስላሉ፤ ወጣቶቹም ከእጃቸው ሥር ይማራሉ። የዚግዛግን ድምፅ የሰጠው ተዋናይ ቪንሰንት ፕራይስ ቃሉን መቅረጽ የጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን መሸሸግ አይገባም። ሚስተር ዊሊያምስ በጊዜ የሚያምኑ ሰው አልነበሩም። የሥዕል ፊልም ሲታሰብ አስቀድሞ ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በንድፍ ተነድፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ እሳቸው ግን ይህ ያስረኛል ብለው ብዙውን ዘመን ሳያደርጉት ኖሩ። በ1978 የሳዑዲ ዓረቢያው ልዑል መሐመድ ቢን ፋይሰል ለመፈተኛ የሚሆን 10 ደቂቃ ያህል ፊልም እንዲሠሩ ገንዘብ ሰጡ። ሥራው ሲያልቅ እጅግ የሚደነቅ ሆነ፤ ነገር ግን ከተባለው ቀን አለፈ፤ ከተባለውም ገንዘብ በለጠ። ልዑሉም አድንቀው ተሰናበቱ። በመሥሪያ ቤት ውስጥ ሰኔ 30ን እየቈጠረ የሚሠራ ወጣት አንባቢ በዚህ ቢፈርድባቸው አንቀየመውም።

በ1988 «ሮጀር ራቢትን ማን ወነጀለው» የተባለው ፊልም ወጣ። የሥዕሉን ክፍል የመሩት ሚስተር ዊሊያምስ ነበሩና ለዚህ ሥራቸው ኦስካር ተሸለሙ። ከዚህ በኋላ በሩ ተከፈተ። ዋርነር ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፊልሙን ለማውጣት ተዋዋለ። ገንዘብ ሲገባ ግን ዋስ አብሮ ገባ። በዚያ አገር ልማድ፣ ፊልሙ በተባለው ጊዜ ባያልቅ ኃላፊነቱን ወስዶ የሚያስጨርስ የዋስትና ኩባንያ አለ። ዋሱ እስከ ቀኑ ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ቀኑ ሲያልፍ ግን ሥራውን ከባለቤቱ እጅ የመውሰድ መብት አለው።

ቀኑም አለፈ። በግንቦት ወር 1992 ለዋርነር ሰዎች ፊልሙ እንዳለ ታየ፤ ያልተሣሉት ክፍሎች በንድፍ ተተክተው ነበር። የቀረው ሲደመር 15 ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ወደ ሠላሳ ዓመት ከተጠጋ ድካም በኋላ ማለት ነው! ዋርነር ግን ውሉን ተወው። ዋሱ ሥዕሉን ሁሉ ከለንደን ወሰደ፤ ሚስተር ዊሊያምስም ከገዛ ፊልማቸው ወጡ። በዚያው ዓመት በኅዳር ዲስኒ «አላዲን»ን አወጣ። በዓረብ አገር መልክ የተሠራ፣ ሌባና ተንኰለኛ ሚኒስትር ያለበት የሥዕል ፊልም መሆኑ ለገበያውም ሆነ ለሐሜቱ በቂ ነበር።

ዋሱ ሥራውን የሰጠው ፍሬድ ካልቨርት ለሚባሉ ባለሙያ ነው። ትእዛዙም በቶሎና በርካሽ አስጨርስ የሚል ነበር። ዘፈኖች ገቡ፤ ጫማ ሰፊው መናገር ጀመረ፤ በሚስተር ዊሊያምስ እጅ ተሠርቶ ያለቀ ሥዕል ሳይቀር እየተቆረጠ ወጣ። ይህ ቅጂ በ1993 «ልዕልቲቱና ጫማ ሰፊው» ተብሎ በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ ታየ። ቀጥሎም በዚያን ጊዜ የዲስኒ ንብረት የነበረው ሚራማክስ ገዝቶ ሁለተኛ መቀስ አሳረፈበት። በነሐሴ 1995 «የዓረብ ፈረሰኛ» በሚል ስም አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ 72 ደቂቃ ያህል ቀርቶ ነበር። ሌባው የተናገረው በዚህኛው ነው፤ በየአፍታው የሚቀልድ ድምፅ ተደረበለት። ትየርኪዲ ያየነውም ይኸው ነው። ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበት ሥራ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው ከ320 ሺህ ዶላር ያነሰ ነበር። ኬን ሐሪስ በ1982፣ ግሪም ናትዊክ በ1990፣ አርት ባቢት በ1992፣ ቪንሰንት ፕራይስም በ1993 አርፈዋልና ይህን ለማየት አልደረሱም።

መቀስ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የእኛ አገር ሰው ከማንም አይማርም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ያሳዩበት ፊልም በ1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ነበር። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ያው ፊልም በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ሲታይ ግን በተራቡት ሰዎች መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ እየተቀጠለ ገብቶበት ነበር። ረሃቡ ሐሰት አልነበረም፤ ግብዣውም ሐሰት አልነበረም። ሁለቱን ጐን ለጐን ያስቀመጠው እጅ ግን ሦስተኛ ነገር ተናገረ። በመቀስ ወሬ እንኳ ሳይጨመር ሐሳብ ይጨመራል።

በሌባው ላይ የተደረገው ከዚህ ይለያል፤ ምንም አዲስ ሐሳብ የሚል አልነበረም። ያደረጉት ሰዎች ክፉዎች ናቸው ለማለት አንደፍርም፤ ተመልካች እንዳይሰለች ፈሩ። ዝም ያለ ሰው ለአንድ ሰዓት ከሩብ ማን ያያል አሉ። ስሕተታቸው ዝምታውን ባዶ ቦታ አድርገው መቍጠራቸው ይመስለናል። ሌባው አይናገርም እንጂ ሥዕሉ ሳያርፍ ይናገራል፤ ጣቱ ወደ ሰው ኪስ ሲሳብ፣ ዓይኑ ወርቅ ሲያይ፣ ሲወድቅም ትከሻው ሲሰበሰብ። በፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ግዙፍ የጦር መሣሪያ፣ ከጫማ ሰፊው አንዲት ሚስማር የተነሣ፣ ቁራጭ በቁራጭ እየፈረሰ ይሄዳል። ሌባው በእሳቱና በመንኰራኵሩ መካከል ኳሶቹን ብቻ እያየ፣ አንድም ነገር ሳይነካው ያልፋል። ለዚህ ምን ቃል ይጨመራል? ከቋንቋ ሁሉ ነፃ ሆኖ የተሠራው ሥራ እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሕፃን እንግዳ የሆነው ቃሉ ከተጨመረለት በኋላ ነው። ትየርኪዲ ውስጥ ሽቦው እንደ ተበጠሰ ቢቀር የፊልሙ ሐሳብ ሳይሻል አይቀርም ነበር።

ሚስተር ዊሊያምስ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ዓመት አፋቸውን ዘግተው ቆዩ። ያወቁትን ሁሉ የጻፉበት የሠዓልያን መማሪያ መጽሐፍ በ2001 ታትሞ ከለንደን እስከ ቶኪዮ ያሉ ተማሪዎች ያጠኑታል። ፊልማቸውን የወደዱ ሰዎችም ከየቦታው ቁርጥራጩን እየለቃቀሙ እንደ መጀመሪያው አድርገው ለመጠገን ሞክረዋል። በታኅሣሥ 2013 ደግሞ በ1992 የታየው ያላለቀው ቅጂ በሎስ አንጀለስ በኦስካር አካዳሚ አዳራሽ፣ እሳቸው ባሉበት፣ ለሕዝብ ታየ። ቀለም ያልደረሰው በእርሳስ እንዳለ ነው፤ ያልተሣለውም ንድፍ ነው። ሌባውም ዝም ብሏል።

ሚስተር ዊሊያምስ በ2019 በብሪስቶል ከተማ አረፉ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ «መቅድም» የተባለች የስድስት ደቂቃ ያህል ፊልም አውጥተው ነበር። ስለ ጥንት ግሪክ ተዋጊዎች ናት፤ በእርሳስ፣ በገዛ እጃቸው የሣሏት። ለኦስካርም ታጭታ ነበር።