አሳማኝ ደብዳቤ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ምሳሌ። እሳት ገና ሲጫር በእፍኝ ቅጠል ይጠፋል፤ ከተዛመተ በኋላ ግን አገር ቢረባረብም አይመለስም። አደጋ ሳይደርስ የሚጻፍ ደብዳቤም የዚያን ቅጠል ሥራ ይሠራል። ይሁን እንጂ ያልደረሰን አደጋ አምኖ የሚነሣ ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ጸሐፊው አንባቢውን ማሳመን አለበት።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው የናይሮቢ ሰፈሮች አንዱ ሁርሊንግሃም ነው። በዚያ የሚኖር አንድ ተማሪ ለሕንፃው አስተዳዳሪ ሊጽፍ ፈለገ እንበል። «ሁላችንም ማለቃችን ነው፤ አንድ ነገር ያድርጉ!» ቢል አንባቢው ይደነግጥ ይሆናል እንጂ የሚያደርገውን አያውቅም። እንዲህ ቢጽፍስ?

የካቲት 1 ቀን

ለተከበሩ የሕንፃው አስተዳዳሪ

ጉዳዩ፦ የውሃ መውረጃ ቦይ እንዲጠረግ ስለ መጠየቅ

በ2016 ዓ.ም. በወረደው ከባድ ዝናም በኬንያ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እዚሁ ናይሮቢ የማታሬ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ቤቶችን አፍርሷል። የእኛ ሕንፃ ከወንዝ ዳር አይደለም። ሆኖም በበሩ ፊት ያለው ቦይ በቆሻሻ ስለ ተደፈነ፣ ባለፈው ጥቅምት የአንድ ሌሊት ዝናም ዘበኛው ከልጆቹ ጋር የሚያድርበትን ምድር ቤት እስከ ቁርጭምጭሚት ሞልቶት ነበር።

ስለዚህ ረጅሙ የዝናም ወቅት ሳይገባ፣ እስከ የካቲት 20 ቀን ቦዩ እንዲጠረግና የኬንያ ቀይ መስቀል የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር 1199 በበሩ ላይ እንዲጻፍ በትሕትና እጠይቃለሁ። ወጪው የሚከብድ ከሆነ፣ እኛ ተከራዮች ቅዳሜ ቀን አካፋ ይዘን ለመርዳት ተስማምተናል።

ከሠላምታ ጋር

ይህ ደብዳቤ የሚያሳምነው ስለ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ማስረጃው ሊጣራ የሚችል ነው፤ አስተዳዳሪው ወርዶ ቦዩን ማየት ይችላል። ሁለተኛ፣ አደጋውን አያጋንንም፤ ሕንፃው ከወንዝ የራቀ መሆኑን ጸሐፊው ራሱ ስላመነ የቀረው ቃሉ ይታመናል። ሦስተኛ፣ ልመናው ቁርጥ ያለ ነው፤ ሥራውም ቀኑም ተለይቷል። አራተኛ፣ «ገንዘብ የለም» የሚለውን መልስ አስቀድሞ አስቦ መፍትሔ አቅርቧል። ከሁሉም በላይ ግን ጸሐፊው ፎቅ ላይ እየኖረ ምድር ቤት ለሚተኙት ልጆች ተናግሯል። ለሌላው የሚለምን ሰው ቃሉ ክብደት አለው።

መልመጃ፦ በትምህርት ቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ አደጋ ሊያመጣ የሚችል አንድ ነገር በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ለሚመለከተው ኃላፊ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ጻፉ።